አንድ ፊደል፣ አንድ ቁጥር፦ ግዕዝ በኮምፒውተር ውስጥ ምን አተረፈ፣ ምንስ ቀረው?

የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የባንክ ሒሳብ ለመክፈትም የመንግሥት አገልግሎት ለማግኘትም መጠየቁ እየተለመደ መጥቷል። ከዚሁ ጋር፣ ድሮ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በዓይኑ አይቶ ይፈታው የነበረ አንድ ጉዳይ ወደ ኮምፒውተር ተሻግሯል፤ የስም አጻጻፍ። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ፋይሉ «ኃይለሥላሴ» ተብሎ የተከፈተለት ሰው በሌላ መሥሪያ ቤት መዝገብ «ሀይለ ስላሴ» ቢባል፣ ሰነዱን የያዘው ሰው አንድ ስም መሆኑን ለመረዳት ደቂቃ አይፈጅበትም። ኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰው ነው የሚያየው። ጉዳዩ የሰው ስም ብቻም አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ነዋሪዎቹ በብዛት የተነሡበት ሰፈር በአንዱ ሰነድ «ካዛንቺስ»፣ በሌላው «ካሳንቺስ»፣ በሦስተኛው «ካዛንችስ» ነው። ነዋሪው ወረዳ በቀየረ ቁጥር ስሙና የቀድሞ አድራሻው እንደገና ይተየባሉ፤ በተተየቡ ቁጥርም አዲስ አጻጻፍ የመወለድ ዕድል ያገኛል።

ይህ ሲያጋጥም ብዙ ሰው «ኮምፒውተሩ አማርኛ አያውቅም» ይላል። አባባሉ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት እውነት ነበር። ዛሬ ግን ችግሩ የተቀመጠው ሌላ ቦታ ነው። የት እንደሆነ ለማየት የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ እንዴት ቁጥር እንደተሰጠው፣ ከእኛ ጋር ተቀራራቢ ፊደል ያላቸው ህንዶችም ለምን ሌላ መንገድ እንደያዙ መረዳት ያስፈልጋል።

ከቁጥሩ በፊት

ፊደላችንን ወደ መኪና ለማስገባት የተደረገው የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ የኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነው። በጥቂት ቁልፍ ይህን ሁሉ ሆሄ መምታት ስለማይቻል፣ መፍትሔው ፊደሉን መበተን ነበር። ዋናው ቅርጽ በአንድ ቁልፍ ይመታል፤ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ቅጥያ በሌላ ቁልፍ ይጨመራል። በመኪና የተጻፉ የድሮ ደብዳቤዎች ላይ ቅጥያው ከፊደሉ ተነጥሎ የሚታየው ለዚህ ነው። የጽሕፈት መኪናው፣ ሳይታሰብ፣ ህንዶች በኋላ በኮምፒውተር የያዙትን መንገድ ነበር የተከተለው።

ኮምፒውተር ሲመጣ ችግሩ ከቁልፍ ወደ ቦታ ተለወጠ። የዚያን ጊዜ ፎንት በአንድ ባይት የሚሠራ በመሆኑ ከ256 የማይበልጡ ቦታዎች ነበሩት፤ ከነዚህም ከፊሉ በላቲን ፊደልና በኮምፒውተሩ ትእዛዞች የተያዘ ነው። ሙሉው የግዕዝ ገበታ ከነዲቃላዎቹ፣ ከነቁጥሮቹና ከነነጥቦቹ አይገባበትም። በመሆኑም አንዱ ሠሪ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው ቅጥያዎቹን ለየብቻ አስቀመጠ። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ግዕዝ ኤዲትና ሌሎችም የየራሳቸውን ድልድል ይዘው ወጡ። ኮምፒውተሩ በውስጡ የሚያስቀምጠው ግን የላቲን ፊደል ቁጥር ነበር፤ ግዕዝ የሚታየው ፎንቱ ስላለ ብቻ ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ያው ሰነድ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በየመሥሪያ ቤቱ የተጻፈው ብዙ ሰነድ የዚህ ዘመን ልጅ ነው፤ ዛሬም ያለመለወጫ ሶፍትዌር አይነበብም።

በኢንተርኔት በኩል የነበረው ሁኔታ ይብስ ነበር። ካዛንቺስ ጥግ ባለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ሥርዓት፣ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ፊዶኔት በተባለ ዘዴ ለአዲስ አበባ ድርጅቶች ኢሜይል ያደርስ ነበር። የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤቱ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በ1997 (እ.ኤ.አ.) ነው። በእነዚያ መስመሮች ያለችግር የሚያልፈው የላቲን ፊደል ብቻ ስለነበር አማርኛ በላቲን ይጻፍ ነበር። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ «ሴራ» የተባለውን፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ሆሄ በላቲን የሚወከልበትን ሥርዓት ያዘጋጁት ያኔ ነው። ሴራ መሸጋገሪያ ነበር፤ ሆኖም አልሞተም። ዛሬ በላቲን ቁልፍ አማርኛ የምንተይብባቸው አብዛኞቹ የኪቦርድ ሶፍትዌሮች በዚያው አስተሳሰብ የተሠሩ ናቸው።

ሁለት መንገዶች

ዩኒኮድ በመሠረቱ ዝርዝር ነው፦ ለዓለም ፊደላት ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ አንድና የማይደገም ቁጥር። የህንድ ፊደላት የገቡት በ1991 (እ.ኤ.አ.፣ እንደሚቀጥሉት ዓመቶች ሁሉ) በወጣው የመጀመሪያ እትም ነው። ዴቫናጋሪ፣ ቤንጋሊ፣ ታሚልና ሌሎች ስድስት ፊደላት ቀድሞ በህንድ መንግሥት የወጣውን ደረጃ ተከትለው ገቡ። ያ ደረጃ ፊደሉን ይበትነዋል። ተነባቢው አንድ ቁጥር አለው፤ አናባቢ ቅጥያው ሌላ ቁጥር። «ኪ» ለማለት የ«ከ» ቁጥርና የ«ኢ» ቅጥያ ቁጥር ተከታትለው ይቀመጣሉ። ሁለት ተነባቢዎች ሲጋጠሙ ደግሞ በመካከላቸው «አናባቢውን ግደል» የሚል ሦስተኛ ቁጥር ይገባል፤ ሦስቱ ቁጥሮች ስክሪን ላይ አንድ ቅርጽ ይሆናሉ።

የዚህ መንገድ ውበት ቁጠባው ነው። ለአንዱ ፊደል የተመደበው 128 ቦታ ብቻ ነው። ዘጠኙም በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ስለተደረደሩ፣ የዴቫናጋሪው «ከ» ላይ 128 ሲጨመር የቤንጋሊው «ከ» ይገኛል። ዋጋው የሚከፈለው ስክሪኑ ላይ ነው። በዴቫናጋሪ አጭሩ የ«ኢ» ቅጥያ የሚቀመጠው ከተነባቢው በኋላ ሲሆን የሚሣለው ግን ከተነባቢው በፊት ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ከማሳየቱ በፊት ቅርጾቹን የሚያገጣጥምና ቦታ የሚያቀያይር ሶፍትዌር ያስፈልጋል። ያ ሶፍትዌር ከሌለ ወይም ከተሳሳተ ሂንዲ ይበታተናል፤ ለብዙ ዓመታትም ሲበታተን ኖሯል።

ግዕዝ የገባው በ1999፣ በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ነው። ከፍስሐ አጥላው ጀምሮ ለዚህ የደከሙት ሰዎች በአብዛኛው በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ናቸው። የተመረጠው መንገድ የህንዱ ተቃራኒ ነው፦ ሆሄው አይበተንም። «ከ» አንድ ቁጥር፣ «ኩ» ሌላ ቁጥር፣ «ኪ» ሌላ ቁጥር። በመጀመሪያው ዙር 345 ቁጥር ተሰጠ። በ2005 የሰባት ቤት ጉራጌ፣ የብሊን፣ የምዕንና የቤንች ሆሄያት ተጨመሩ፤ በ2010 የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ፣ የባስኬቶና የጉሙዝ፤ በ2021 እንደገና የጉራጌ። ዛሬ ጠቅላላው ከነምልክቶቹ 523 ደርሷል። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ከመጣ ወዲህ፣ አማርኛን ለማንበብ ልዩ ፎንት መጫን ቀስ በቀስ ቀርቷል።

ምርጫው ትክክል ነበር ወይ? በኔ ግምገማ አዎን፤ ምስክሯም ታሚል ናት። የታሚል ናዱ ግዛት ሰዎች የተበተነው አቀማመጥ ጽሑፋቸውን እንዳረዘመውና ሥራውን እንዳወሳሰበው በመከራከር፣ እያንዳንዱ የታሚል ሆሄ የራሱ ቁጥር የሚኖረው አማራጭ አዘጋጁ። የግዛቲቱ መንግሥት በ2010 አማራጩን ከዩኒኮድ ጎን ለጎን እንደ ደረጃ ተቀበለው። ዩኒኮድ ግን ወደ ዝርዝሩ አላስገባውም። አንድ ጊዜ የተሰጠ ቁጥር አይነሣም፣ አይዛወርም፤ ይህ ዩኒኮድን የሚያዘጋጀው ማኅበር ጽኑ ሕግ ነው። በ1996 የኮሪያን ሆሄያት ከቦታ ቦታ አዛውሮ ያስከተለው ምስቅልቅል ለዚህ ሕግ አንዱ ምክንያት ነበር። ታሚሎች ዘግይተው የጠየቁት ነገር እኛ ከመጀመሪያው ያገኘነው ነው።

ትርፉና ዕዳው

ያልተበተነ ሆሄ ስክሪን ላይ ችግር የለበትም፤ አንድ ቁጥር፣ አንድ ሥዕል። ነገር ግን ውስብስቡ ተሰደደ እንጂ አልጠፋም። መጀመሪያ የተሰደደው ወደ ኪቦርዱ ነው። ጣቶቻችን ዛሬም ሆሄውን እየበተኑ ነው የሚጽፉት፦ ተነባቢ፣ ቀጥሎ አናባቢ። ሶፍትዌሩ ሁለቱን አጋብቶ አንድ ቁጥር ያስቀምጣል። ህንድ በማሳየት ላይ የምትከፍለውን እኛ በመጻፍ ላይ እንከፍላለን።

ሁለተኛው ዕዳ ከቋንቋው ባሕርይ ይመጣል። ሰበረ፣ ስብር፣ ሰባሪ፣ ተሰባበረ፤ አማርኛ ተናጋሪ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሥር ይሰማል። ለኮምፒውተር ግን የ«ሰ» ቁጥርና የ«ስ» ቁጥር ዝምድና የላቸውም። በህንዱ መንገድ ተነባቢው ሁልጊዜ በአንድ ቁጥር ስለሚታይ ሥሩ ከላይ ይገኛል። በእኛ ግን ተሸፍኗል፤ ግንዱን እየለዋወጠ ለሚረባ ቋንቋ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ደግነቱ ሽፋኑ የሚገለጥ ነው። ሰንጠረዡን ያዘጋጁት ሰዎች ለእያንዳንዱ ተነባቢ ስምንት ቦታ መድበዋል። «ሀ» በአሥር መሠረት ሲቆጠር 4608 ነው፣ «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624፣ «መ» 4632። የማንኛውም ሆሄ ቁጥር ለስምንት ሲካፈል ድርሻው የተነባቢውን ቤት፣ ቀሪው ደግሞ ደረጃውን ይነግራል፦ ዜሮ ከሆነ ግዕዝ፣ አንድ ካዕብ፣ ሁለት ሣልስ፣ እንዲህ እያለ ስድስት ሲሆን ሳብዕ። እንደ ቈ፣ ኰ እና ጐ ያሉት ዲቃላዎች የራሳቸው ረድፍ ስላላቸው ሕጉን ያፈርሳሉ፤ በየመካከሉም ባዶ ቦታዎች አሉ። ቢሆንም አንድ ፕሮግራመር በጥቂት መስመር ሊያስተካክለው የሚችል ነው። የአማርኛ ፍለጋ የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸውን ከልዩ ሶፍትዌር ይልቅ ከዚህች የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ቢጀምሩት ብዙ ድካም ይቀንስላቸው ነበር።

ሦስተኛው ዕዳ የቦታ ነው። ዛሬ በብዛት በሚሠራበት አቀማመጥ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የግዕዝ ሆሄ ሦስት ይይዛል። «ኢትዮጵያ» በአምስት ሆሄ 15 ባይት ነው፤ በእንግሊዝኛ ስምንት። ልዩነቱ የሚያስፈራውን ያህል አይደለም፤ አንዱ ሆሄያችን ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ስለሚሸከም። የሚጎዳው ሶፍትዌሩን የሠራው ሰው የስም ሣጥኑን በባይት ለክቶ ሲያስቀምጥ ነው። ሣጥኑ 20 ባይት ቢሆን «ገብረክርስቶስ» ስምንት ሆሄ፣ 24 ባይት ስለሆነ አይገባም። «ገብረክርስ» ላይ ይቆረጥና ከሰባተኛው ሆሄ ሁለት ባይት ተሰባብሮ መጨረሻው ላይ ይንጠለጠላል። በአጭር መልእክትም እንዲሁ ነው፤ በላቲን 160 ፊደል የሚይዘው አንድ መልእክት በግዕዝ 70 ብቻ ይይዛል። አማርኛን በላቲን የመጻፍ ልማድ ከኢሜይል ዘመን አልፎ በስልክ የቀጠለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አሁን በመጡት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎችም ዕዳው መልኩን ቀይሮ ይታያል፦ ጽሑፍን ከፋፍለው ሲያነቡ፣ በብዛት ያልሠለጠኑበትን የግዕዝ ሆሄ ወደ ባይት ስለሚሰባብሩት ያው ሐሳብ በአማርኛ ሲሆን ከእንግሊዝኛው የበለጠ ቁራጭ ይወጣዋል፤ ክፍያው ደግሞ በቁራጭ ነው።

ኮዱ ሊፈታው የማይችለው

አሁን ወደ ኃይለሥላሴ እንመለስ። የመጀመሪያው ሆሄ በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆኖ በስድስት መልክ ሊጻፍ ይችላል፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። «ሥ» በሁለት፣ «ሴ» በሁለት። ስድስት በሁለት በሁለት 24 አጻጻፍ ይሰጣል። ስሙ አንድ ላይ ወይም ተነጣጥሎ መጻፉ ሲታከል 48። ለሰው ጆሮ አርባ ስምንቱም አንድ ናቸው፤ ለዳታቤዝ አርባ ስምንት ልዩ ልዩ ስሞች። ጎንደርና ጐንደር፣ ፀሐይና ጸሀይ፣ ዓለምና አለም ከዚህ አይለዩም። ስም በፊደል ተራ ሲደረደርም ያው ነው፤ «ሀና» መጀመሪያው ላይ፣ «ሐና» ከ«ለ» በኋላ ትቀመጣለች።

ዩኒኮድ ለምን አንድ አላደረጋቸውም? ማድረግም አይገባውም ነበር። «ሐ» እና «ሀ»፣ «ዐ» እና «አ» በትግርኛ የተለያዩ ድምፆች ናቸው። በግዕዝ ደግሞ «ሠ» እና «ሰ» ቃል ይለያሉ፤ ሊቃውንቱም የሚሟገቱላቸው በዚህ ነው። ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው የዛሬው አማርኛ አነጋገር ነው። ቁጥር ሰጪው ለፊደል ቁጥር ይሰጣል እንጂ ለአንድ ቋንቋ ጆሮ አይፈርድም። የትኛው ከየትኛው ጋር እኩል ነው የሚለው ውሳኔ የአገርና የተቋም ነው።

ይህ ውሳኔ አንድ ጊዜ ቢያንስ ተሞክሯል። የኢንተርኔት አድራሻዎችን የሚያስተዳድረው አይካን ድረ ገጾች በየአገሩ ፊደል ስም እንዲኖራቸው ሲያዘጋጅ፣ የግዕዝ ፊደል ባለሙያዎች ቡድን ተቋቁሞ ነበር። ቡድኑ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ባቀረበው ሕግ ሞክሼ (በአማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸው) ሆሄያት እንደ ተለዋጭ ተቆጥረዋል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ አንዱ በ«ሰላም» ከፍተኛውን አድራሻ (ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ የሚመጣውን ክፍል) ከያዘ ሌላው በ«ሠላም» መጥቶ ሰውን እንዳያሳስት። ይህ ሥራ በአገር ውስጥ ብዙም አልተወራለትም። ለመታወቂያና ለመሬት መዝገብ ግን የድረ ገጽ ስም ከሚያስፈልገው የበለጠ ያስፈልጋል።

ከሞክሼዎቹ ያነሰ የሚመስል፣ ግን በየቀኑ የሚያጋጥም ሌላ ነገር አለ፤ አራት ነጥብ። «።» በዩኒኮድ የራሱ አንድ ቁጥር አለው። ከድሮ ፎንቶች በወረስነው ልማድ ግን ብዙ ጸሐፊና ጋዜጣ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ እየመታ «፡፡» ይጽፋል። ለዓይን ልዩነቱ አይታወቅም። ዓረፍተ ነገር የት እንዳለቀ የሚፈልግ ሶፍትዌር ግን ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጎ ያነበዋል።

የጥብቀት ምልክት ደግሞ ከተረሱት ነው። ከሆሄው በላይ የሚቀመጡ ሁለት ነጥቦች በዩኒኮድ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ በገበታችን ውስጥ እንደ ህንዱ ቅጥያ ከሌላ ሆሄ ላይ የሚለጠፉት እነዚህና ጥቂት ዘመዶቻቸው ብቻ ናቸው። ማንም አይጠቀምባቸውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ «አለ» «ተናገረ» ማለት ይሁን «ይገኛል»፣ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ኮምፒውተር ከአገባቡ መገመት አለበት።

ከዚህ ወዴት?

ሦስት መንገዶች ይታያሉ።

አንደኛው ነገሩን ለላቲን መተው ነው። ባንኮችና ፓስፖርት ስምን በላቲን ይይዛሉ፤ የፋይዳ ካርድም ስሙን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያሳያል። «ዋናው መለያ ቁጥሩና የጣት አሻራው ነው፤ ስሙ ምን ያደርጋል?» የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ውኃ የሚቋጥረው ለአዲስ ምዝገባ ነው። የድሮው የይዞታ ማረጋገጫ፣ የልደትና የጋብቻ መዝገብ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ የጣት አሻራ የላቸውም፤ ከሰውየው ጋር የሚያገናኛቸው ስም ብቻ ነው። ላቲኑም ከግዕዙ አይሻልም። «ፀጋዬ» የሚለውን ስም እንኳ አንዱ በሁለት የላቲን ፊደል፣ ሌላው በአንድ ይጀምረዋል፤ «ጨላ»ና «ጫላ»ም በላቲን አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ የሚጻፉ ስሞች ደግሞ ችግሩን በተቃራኒው ያዩታል፦ በቁቤ የሚታየው የአናባቢ ርዝመትና የተነባቢ ጥብቀት ወደ ግዕዝ ሲገለበጥ ይጠፋል። አምስት የፌዴራል የሥራ ቋንቋ ይኑረን ለሚል አገር የስም ጉዳይ የአማርኛ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ፊደሉን መቀነስ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የፊደል ማሻሻያ ክርክር ተደርጓል፤ በደርግ ጊዜም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሞክሼዎቹን የሚያስቀር ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሁለቱም አልጸኑም፤ ዛሬም አይጸኑም ባይ ነኝ። ሰው ስሙን ያወጡለት አባቱ በጻፉት ሆሄ መጻፍ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ለኮምፒውተር የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው፤ ነገ የሚጻፈው ቢስተካከል እስከ ዛሬ የተጻፈው ባለበት ይቀራል።

ሦስተኛው መንገድ ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው ማስቀመጥና ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ለሰው የማይታይ ሁለተኛ መልክ መያዝ ነው። በዚያ በሁለተኛው መልክ ሞክሼዎች ወደ አንድ ይመለሳሉ፣ ጐ ወደ ጎ ይዞራል፣ ክፍት ቦታ ይወጣል። ፈላጊው በፈለገው አጻጻፍ ቢፈልግ ሁሉንም ያገኛል፤ ካርዱ ላይ የሚታተመው ግን «ኃይለሥላሴ» እንደሆነ ይቀራል። ለትግርኛ ስሞች የእኩያ ሆሄያቱ ሰንጠረዥ ሌላ መሆን አለበት፤ ያለዚያ የተለያዩ ስሞችን ያጋጫል። ይህ ትልቅ ኢንቨስትመንት አይጠይቅም። ፋይዳ የተሠራበት ሞሲፕ የተባለው ሥርዓት በህንድ፣ ባንጋሎር ባለ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተወለደና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው፤ የአገሩን ሕግ ለመጨመር የሚከለክል ነገር የለም።

ታዲያ የትኛው ይሆናል? እንደ እስካሁኑ አካሄድ ከታየ፣ ዕድሉ ሰፊ የሆነው ከሦስቱም ውጭ ያለ አራተኛ ነው፦ እያንዳንዱ ተቋም ሦስተኛውን መንገድ በየራሱ ሰንጠረዥ ይይዛል። አንዱ ባንክ «ኸ»ን ከ«ሀ» ጋር ያመሳስላል፤ ሌላው አያመሳስልም። የመሬት መዝገቡ «ጐ»ን ይረሳል። እያንዳንዱ ሥርዓት በራሱ ግቢ ትክክል ይሠራል፤ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ግን አይገናኙም። ይህ ከ1990ዎቹ የፎንት ዘመን ብዙ አይርቅም፤ ያኔ ያልተስማማነው በሆሄው ቁጥር ላይ ነበር፣ አሁን የማንስማማው በሆሄው እኩያ ላይ ይሆናል። ያኔ ከውጭ ማኅበር መፍትሔ መጣ። የአሁኑን የሚሰጠን የውጭ ማኅበር የለም።

ህንድ በዚህ ረገድ የሄደችበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባል። ፊደሏን በዩኒኮድ ከማስገባቷ በፊት የራሷን ደረጃ አውጥታ ነበር፤ በኋላም መንግሥቷ ራሱ የማኅበሩ አባል ሆኖ ተከራከረ። የግዕዝን ጥያቄዎች በአብዛኛው ያዘጋጁት በራሳቸው ጊዜ የሠሩ ግለሰቦች ናቸው። ሥራቸው ሰንብቷል፤ ግለሰብ ግን ለመዝገብ ቤቶች ሁሉ የሚሠራ ደንብ ማውጣት አይችልም።

የሚያስፈልገው ሰንጠረዥ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የደረጃዎች ኢንስቲትዩትና የብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራም የቋንቋ ምሁራንን ይዘው፣ ለአማርኛ አንድ፣ ለትግርኛ አንድ አድርገው ቢያወጡትና ለባንኮች፣ ለክፍለ ከተሞችና ለፍርድ ቤቶች በነጻ ቢሰጡት በሥራ ላይ ሊውል ይችላል። መውጣት ያለበትም የየመሥሪያ ቤቱ ዳታቤዝ በየራሱ ሰንጠረዥ ተሞልቶ ከማለቁ በፊት ነው።